ነባር ስም በአዲስ ፊት፦ የ«ስታር ትሬክ» ተዋንያን መለወጥና የአድናቂዎች ሙግት

በአማርኛ ተናጋሪው የፊልም ተመልካች ዘንድ «አክተር» የሚለው ቃል ከውጭ ሲመጣ ይዞት የነበረውን ትርጉም እንዳለ አልጠበቀም። ቃሉ በተገኘበት ቋንቋ ትልቅም ይሁን ትንሽ ድርሻ ያለውን ማንኛውንም ተዋናይ የሚያመለክት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የቪዲዮ ቤት ተመልካች ንግግር ግን የታሪኩን ጀግና፣ እስከ ፊልሙ ፍጻሜ በሕይወት ይቆያል ተብሎ የሚጠበቀውን ሰው የሚጠራበት ስም ሆኗል። በዚህ አጠራር ሰውየውና የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ አይነጣጠሉም፤ ሲልቬስተር ስታሎን «ራምቦ»፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር «ኮማንዶ» እየተባሉ በሰፈር ልጆች መጠራታቸውም የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ነው።

ቪዲዮ ቤት ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ያለው ሰው ለሰፈሩ ወጣቶች በጥቂት ሳንቲም ፊልም የሚያሳይበት ቤት ነበር። መስኮቱ በመጋረጃ የተከለለ ጠባብ ክፍል፣ በተርታ የተደረደሩ የእንጨት አግዳሚዎች፣ በሩ ላይ የተደገፈና የዕለቱ ፊልሞች ስም በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ የዚያ ዘመን መለያዎች ናቸው። ቤቴልን በመሳሰሉ የከተማዋ ምዕራባዊ ሰፈሮች ዛሬ በእጅ ስልኩ ፊልም የሚመለከተው ወጣትም፣ ሰሌዳውንና አግዳሚውን ባይደርስባቸው እንኳ፣ «አክተሩ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከታላላቆቹ ወርሷል። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ከባድ ጉዳይ ያነሣል፤ ተመልካች ለዓመታት ከአንድ ሰው ፊት ጋር አስተሳስሮ የወደደው ገጸ ባሕርይ በሌላ ሰው ተተክቶ ሲቀርብለት የሚሰማው ቅሬታ ከምን ይመነጫል? አዲሱን ሰው የሚቀበለውስ ምን ሲሟላ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ያለፈበት መንገድ ሰፊ መልስ ይሰጣል።

የአንድ ዓለም አመሠራረት

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ሊደረስበት ይችላል ተብሎ የሚታሰብን ነገር መነሻ አድርጎ፣ ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የፈጠራ ዘርፍ ነው። «ስታር ትሬክ»ን የፈጠረው ጂን ሮደንቤሪ ሲሆን፣ ተከታታይ ድራማው በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። «ኢንተርፕራይዝ» በተባለች የጠፈር መርከብ የሚጓዙት ገጸ ባሕርያት ከተለያየ ዘርና አገር የተውጣጡ ናቸው፤ ደፋሩን ካፒቴን ከርክን ዊልያም ሻትነር፣ ግማሽ ጎኑ ከሌላ ፕላኔት የሆነውንና ስሜቱን በአመክንዮ የሚገዛውን ስፖክን ሌናርድ ኒሞይ፣ የመገናኛ መኰንኗን ኡሁራን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኒሼል ኒኮልስ ተጫወቱ። «ኡሁራ» የሚለው ስም ራሱ ነፃነት የሚል ትርጉም ካለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው። ኒኮልስ ድራማውን ልትተው አስባ በነበረበት ወቅት ማርቲን ሉተር ኪንግ እንድትቆይ እንደመከሯት በሕይወት ዘመኗ ደጋግማ ተናግራለች። ይህ ምክር ገጸ ባሕርይቱ ለተመልካቹ ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም እንደነበራት ያሳያል።

ድራማው በመጀመሪያ ዘመኑ የዘለቀው ለሦስት ምዕራፍና ለ79 ክፍሎች ብቻ ሲሆን፣ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሰው ጨረቃን ሊረግጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ይሁን እንጂ በድጋሚ ሥርጭት የተመልካቹ ቁጥር እያደገ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሲኒማ ፊልሞች፣ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ሌሎች የቴሌቪዥን ተከታታዮች ተሠሩለት። በአንድ የፈጠራ ዓለም ውስጥ በየዘመኑ የሚወለዱ ፊልሞች፣ ድራማዎችና መጻሕፍት እንዲህ ተሰብስበው አንድ ቤተሰብ ሲሆኑ በፊልም ሙያ ቋንቋ «ፍራንቻይዝ» ይባላሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድን የዘር ሐረግ ቢያስብ ነገሩ ይቀርበዋል፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ መልካቸውም ይለያያል፣ የሚጠሩት ግን በአንድ አያት ነው።

አድናቂው እንደ ባለአደራ

የዚህን ዓለም አድናቂዎች ከተራ ተመልካች የሚለያቸው ታሪኩን እንደ አደራ መያዛቸው ነው። ድራማው በሁለተኛ ዓመቱ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ቢጆ ትሪምብል የተባለች አድናቂ ከባለቤቷ ጋር ሆና ባስተባበረችው ዘመቻ ጣቢያው በደብዳቤ ተጥለቀለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1968ም ድራማው እንደሚቀጥል በዚያው ቴሌቪዥን በይፋ ተነገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደዚሁ በደብዳቤ በተካሄደ ውትወታ የአሜሪካ የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኰራኵር የሙከራ አካል «ኢንተርፕራይዝ» ተብላ ስትሰየም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ የድራማው ተዋንያን በእንግድነት ተገኝተዋል። በልብ ወለድ የተፈጠረ ስም በተመልካች ጥያቄ በእውነተኛ መንኰራኵር ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

እነዚህ አድናቂዎች የታሪኩ አካል ሆኖ በሙሉ ሥልጣን የሚቆጠረውን ሥራ «ካነን» ይሉታል። ቃሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሰማንያ አንዱን ቅዱሳት መጻሕፍት ከሌሎች ለመለየት የምንጠቀምበት «ቀኖና» ከዚያው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የትኛው ክስተት በእርግጥ እንደተፈጸመ፣ የትኛው ደግሞ የአንድ ደራሲ ግምት እንደሆነ መመርመር ለአድናቂው የዘወትር ሥራ ሲሆን፣ በዚህ ምርመራ ውስጥ የተዋናዩ ፊትም እንደ ቀኖናው ክፍል ይቆጠራል። ከርክ ማለት ሻትነር የቆመበት አቋቋም፣ ስፖክ ማለትም ኒሞይ ቅንድቡን ያነሣበት አነሣሥ ሆኖ ለአርባ ዓመታት ኖሯል።

በ2009 የተደረገው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ኔመሲስ» የተባለው ፊልም በዓለም ዙሪያ ያስገባው ወደ 67 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ በ2005 ደግሞ በጊዜው ይታይ የነበረው ተከታታይ ድራማ ተቋረጠ። የባለቤትነት መብቱን የያዘው ድርጅት ያኔ የመረጠው መንገድ «ሪቡት» የሚባለው ነው። ሪቡት ከኮምፒውተር ሙያ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ መሣሪያውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሣት ማለት ነው፤ በፊልም ደግሞ የታወቀን ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ በአዲስ ተዋንያን እንደገና መናገርን ያመለክታል። ዳይሬክተሩ ጄ ጄ ኤብራምስ የከርክን ቦታ ለክሪስ ፓይን፣ የስፖክን ለዛካሪ ኩዊንቶ፣ የኡሁራን ለዞዊ ሳልዳኛ ሰጠ። የዜናው መሰማት በአድናቂው ዘንድ ያስነሣው ጭንቀት የሚጠበቅ ነበር፤ አርባ ዓመት በአንድ ፊት የታወቀ ሰው በድንገት ሌላ ፊት ይዞ ሊመጣ ነውና።

የፊልሙ ሠሪዎች ለዚህ ጭንቀት የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው በታሪኩ ውስጥ ያለ ነው፤ ከወደፊቱ ዘመን ተነሥቶ ወደ ኋላ የተጓዘ በቀለኛ የከርክን አባት በልጁ መወለጃ ቀን ስለሚገድል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘመን ለሁለት ይከፈላል። አዲሱ ፊልም በአዲሱ ቅርንጫፍ ሲጓዝ የድሮው ታሪክ በድሮው ቅርንጫፍ ሳይነካ ይቀራል፤ ስለዚህም ማንም አድናቂ የሚወደው ነገር አልተሰረዘበትም። ሁለተኛው መልስ ኒሞይ ራሱ ነው። አረጋዊው ተዋናይ የወጣቱን ስፖክ ተጫዋች የማጽደቅ መብት ተሰጥቶት ነበር፤ በፊልሙም ውስጥ ሽማግሌው ስፖክ ሆኖ ከወጣቱ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ይነጋገራል። በአገራችን ባህል ይህ ተግባር ስም አለው፤ ምርቃት ይባላል። ነባሩ ባለቤት እጁን ዘርግቶ ቦታውን ለተተኪው ሲሰጥ፣ ተተኪው ከነጣቂነት ወደ ወራሽነት ይሸጋገራል።

የምርቃቱን ነገር ይበልጥ የሚያጎላ አንድ ዝርዝር አለ። ስፖክ ሰላምታ ሲሰጥ መዳፉን ከፍቶ፣ አራቱን ጣቶች ሁለት ሁለት አድርጎ በመካከል ይለያቸዋል። ኒሞይ ይህን ምልክት ያመጣው በልጅነቱ በምኵራብ ውስጥ ካየው የአይሁድ ካህናት የቡራኬ አሰጣጥ ነበር። ኩዊንቶ ጣቶቹን በዚህ ዓይነት ለያይቶ ማቆም ስለተቸገረ ለቀረጻው በሙጫ እንዲያያዙለት ተደርጓል። አንድ ወጣት ተዋናይ የቀዳሚውን የእጅ ምልክት እንዳያዛባ ጣቶቹን እስከማስጣበቅ መድረሱ፣ ሠሪዎቹ የአድናቂውን ዓይን ምን ያህል እንደፈሩና እንዳከበሩ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2009 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ኦስቲን ከተማ የተደረገው የፊልም ማሳያ የዚህ አክብሮት ሌላ ማሳያ ነው። ተመልካቾቹ የተጠሩት በ1982 የተሠራውንና እጅግ የሚወዱትን «የካን ቁጣ» የተባለውን ፊልም እንዲያዩ ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ መስሎ ተቋረጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ኒሞይ የአዲሱን ፊልም ቅጂ ይዞ መድረክ ላይ ወጣና አዲሱን ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እነዚያ ተመልካቾችም ይመረቃል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ቀድመው ሙሉውን ፊልም አዩት። የድሮው ፊልም ቆሞ አዲሱ የተተካው በባዕድ እጅ ሳይሆን በራሱ በኒሞይ እጅ ስለነበር፣ መተካቱ እንደ ስጦታ ተቆጠረ።

ጭብጨባና ተቃውሞ

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 385 ሚሊዮን ዶላር ከማስገባቱም በላይ በሜካፕ ዘርፍ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ለዚህ የፊልም ቤተሰብ የመጀመሪያው ኦስካር ነበር። የአድናቂው ስሜት ግን አንድ ወጥ አልነበረም። የተደሰቱት የወዳጅነቱን ሙቀት፣ የተዋንያኑን ትጋትና ለአዲስ ትውልድ በር መከፈቱን አመሰገኑ። ቅር የተሰኙት ደግሞ ድራማው የሚታወቅበት የሐሳብ ክርክር በተኩስና በሩጫ ተውጧል አሉ፤ የብርሃን ነጸብራቅ በየትዕይንቱ መብዛቱን ነቀፉ፤ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ወጣት በአንድ ጊዜ የመርከብ አዛዥ መሆኑን አላመኑበትም፤ የመርከቧ የሞተር ክፍል በአንድ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ በመቀረጹ የጠፈር መርከብ የማይመስል የቧንቧ ደን ሆኗል ሲሉም ተከራከሩ። ሻትነርም በፊልሙ ውስጥ ባለመካተቱ ማዘኑን አልደበቀም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አድናቂዎቹን ያስደሰተ አንድ ትንሽ ነገር መጠቀስ ይገባዋል። በመጀመሪያው ድራማ የኡሁራ የመጠሪያ ስም ተነግሮ አያውቅም ነበር፤ በመጻሕፍትና በአድናቂዎች መካከል ግን በስዋሂሊ ኮከብ ማለት የሆነው «ኒዮታ» ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። የ2009ኙ ፊልም ይህንን ስም በተዋናይ አፍ አስጠርቶ የቀኖናው አካል አደረገው። ባለአደራዎቹ ለዓመታት የጠበቁት ነገር በባለቤቱ እጅ ታተመ ማለት ነው።

ደግሞም አድናቂው አዲስ ፊትን በጭፍን የሚጠላ ቢሆን ኖሮ፣ ከ2004 ጀምሮ በጄምስ ካውሊ መሪነት የተሠራው የአድናቂዎች ፊልም ባልታየ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከርክንና ስፖክን ራሳቸው ተጫውተው፣ የድሮውን መርከብ ክፍሎች በጥንቃቄ አስመስለው ሠርተው በነፃ አሳይተዋል፤ ከነባሮቹ ተዋንያን ጆርጅ ታኬይና ዋልተር ኬኒግ በሥራቸው ተካፍለዋል። ስለዚህ ድርጅቱ ከርክን በሌላ ሰው ከመተካቱ ከዓመታት በፊት አድናቂው ራሱ ተክቶታል።

የውርስ ሥርዓቱ ሲጣስ የሚሆነው በ2013 ታየ። በሁለተኛው ፊልም የቀረበው ጠላት ካን ነበር። ይህ ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ድራማ ከሰሜን ሕንድ የመጣ መሆኑ የተነገረለትና በሜክሲኮ ተወላጁ በሪካርዶ ሞንታልባን የተጫወተ ሲሆን፣ አሁን ለነጩ እንግሊዛዊ ለቤኔዲክት ከምበርባች ተሰጠ፤ ሠሪዎቹም ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ ሰውየው ካን አለመሆኑን ሲናገሩ ቆዩ። ከሁሉ በላይ ግን አድናቂውን ያሳዘነው የሞቱ ትዕይንት ነው። በ1982ቱ ፊልም ስፖክ መርከቧን ለማዳን በጨረር በተሞላ ክፍል ውስጥ ሲሞት ከርክ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆሞ ያያል፤ የዚያ ሞት ክብደት በአሥራ ስድስት ዓመት ወዳጅነት የተገነባ ነበር። አዲሱ ፊልም ቦታቸውን ገልብጦ ከርክን በውስጥ፣ ስፖክን በውጭ አቆመና ያንኑ ትዕይንት ደገመው፤ ሟቹም ብዙ ሳይቆይ ከሞት ተነሣ። በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስ በተደረገ የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ያንን ፊልም ከሁሉም የ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች የመጨረሻ አድርገው ደረደሩት። ተዋንያኑ ከአራት ዓመት በፊት በጭብጨባ የተቀበሏቸው እነዚያው ስለነበሩ፣ ጥፋቱ የፊት ለውጥ ነበር ሊባል አይችልም፤ ያልተደከመበት ሐዘን እንደ ራስ ገንዘብ መወሰዱ ነው ያስቆጣቸው።

ከዚህ በተቃራኒ መተካት የሌለበትን መለየትም የክብር መንገድ ሆኖ ተገኝቷል። ከመርከቧ ባልደረቦች አንዱ የሆነውን ወጣቱን ቼኮቭን የተጫወተው አንቶን የልቺን ሦስተኛው ፊልም ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በአደጋ ሲሞት፣ ኤብራምስ ቦታው ለሌላ ተዋናይ እንደማይሰጥ ተናገረ። በዚያው ፊልም ውስጥ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያረፈው ኒሞይ ይታሰብ ዘንድ፣ ወጣቱ ስፖክ የነባሮቹን ባልደረቦች ፎቶግራፍ ሲመለከት ይታያል።

እንግሊዞች በበኩላቸው መተካትን የታሪኩ ሕግ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው «ዶክተር ሁ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ዋና ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል በ1966 ጤናው ሲታወክ፣ ገጸ ባሕርይው የሌላ ፕላኔት ፍጡር ነውና ሰውነቱን ማደስ ይችላል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ በብዙ ፊቶች ታይቷል፤ በ2017 ይፋ በተደረገ ምርጫ ሴቷ ጆዲ ዊታከር፣ ኋላም በሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ ቦታውን ሲይዙ ክርክሩ ቢነሣም፣ የመለወጥን ሕግ ግን ተመልካቹ ከስልሳ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያውቀዋል።

የእኛው መድረክ

ኢትዮጵያዊው ተመልካች ይህንን ጥያቄ በራሱ መድረክ ላይ ሲያስተናግድ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ ጌትነት እንየው ደግሞ በ«የቴዎድሮስ ራዕይ» እየደጋገሙ ከመቅደላ አስነሥተዋቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲያርፉ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አልቀረልንም፤ ሹሩባቸውና ቁጣቸው የሚታወቀው በሥዕልና በትረካ ነው። ስለዚህ በቴዎድሮስ ስም መድረክ ላይ የሚወጣ ተዋናይ የሚወዳደረው ከሌላ ሰው ፊት ጋር ሳይሆን ተመልካቹ በልቡ ከሳለው ግርማ ጋር ነው። ከርክ አንድ የመጀመሪያ ፊት ስላለው ተተኪውን ያስጨንቃል፤ ቴዎድሮስ ግን እንዲህ ያለ ፊት ስለሌላቸው ለእያንዳንዱ ትውልድ ተዋናይ ክፍት ሆነው ቆይተዋል።

ፊት በሌለበት ድምፅም ቀኖና ሊሆን ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የጉዱ ካሣ ምሬትና የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት በብዙ ሺህ አድማጮች ጆሮ የእርሱን ድምፅ ይዘው ቀሩ። መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው ያን ድምፅ ከገጾቹ ውስጥ ሲሰማው፣ ታሪኩን በመድረክ ወይም በቴሌቪዥን የሚሠራ ተዋናይ ሁሉ የሚቆመው በዚያ ድምፅ ጥላ ሥር ነው። ድምፁን መቅዳት አያዋጣውም፤ ወጋየሁ ገጸ ባሕርያቱን የተረዳበትን ጥልቀት ያህል መረዳት ግን ይጠበቅበታል።

እንደዚያ ድምፅ ካለፈው ዘመን ለቀረ ነገር የሚሰጠውን ክብር ራሱን ጭብጥ ያደረገ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በዚሁ አገር ተቀርጿል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውና ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በአማርኛ የተጫወቱበት «ክራምብስ» ከፊሉ በዳሎል የተሠራ ሲሆን፣ ዓለም ከጠፋች በኋላ የቀሩ ሰዎች የድሮ መጫወቻዎችንና የዝነኞችን ቅሪት እንደ ንዋየ ቅድሳት ሲያከብሩ ያሳያል። ሰው ያለ ትዝታ መኖር እንደማይችል፣ ትዝታውም የሚጨበጥ ነገር እንደሚፈልግ ፊልሙ በግልጽ ያስቀምጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። የአድናቂ ቅሬታ የፍቅር ልጅ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ የገጸ ባሕርይ ስም ግን የአንድ ሰው የግል ርስት ሆኖ ከሰውየው ጋር መቀበር የለበትም። ነባር ሥራን በአዲስ ተዋንያን ለመሥራት የሚነሡ የአገራችን የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች አስቀድመው ቀዳሚዎቹን ያማክሩ፣ በሕይወት ያሉትን መድረክ ላይ አውጥተው ያስመርቁ፣ ያረፉትን በስማቸው ያንሡ፤ ከሁሉ በፊት ገጸ ባሕርይው የቆመለትን ሐሳብ ይመርምሩ። ተመልካቹም «አክተሩ ማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት፣ «የያዘውን አደራ ጠብቋል ወይ?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምርበት።